የአሮጌ መኪና ራዲያተር ከሐረር እስከ ዋሄን

ራዲያተር ሲፈስ መጀመሪያ ከአፋችን የሚወጣው «ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ነው። መኪናው አሮጌ ከሆነ ግን ከዋጋው በፊት የሚመጣ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይህ መኪና በየትኛው ዘመን፣ በየትኛው ወደብ፣ በማን ንግድ ወደ አካባቢያችን ገባ? ለላንድክሩዘር የሚሆን ራዲያተር ሐርጌሳ ላይ በቀላሉ የሚገኘው፣ ለሐረሩ ፔጆ 404 ግን አገር ለአገር የሚያስዞረው የዕድል ጉዳይ ሆኖ አይደለም። ድንበሩ፣ ጦርነቱ፣ ወደቡና የስደቱ ዘመን ገበያውን የሠሩበት መንገድ ነው። ያንን ታሪክ የሚያውቅ ገዢ የት እንደሚፈልግ፣ ምን እንደሚለካና መቼ አሮጌውን ማስጠገን እንደሚሻል ያውቃል። የማያውቅ ደግሞ ራዲያተሩን ገዝቶ፣ ድንበር አሻግሮ፣ ካሳሰረ በኋላ ቴስታታ ሲያቃጥል ያገኘዋል።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ራዲያተር ከየት መጣ

የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ሞተራቸውን የሚያቀዘቅዙት ብዙ ውሃ በመሸከም ነበር። ውሃው እየፈላ ይተናል፤ ሾፌሩም በየመንገዱ ይቀዳል። ይህን የለወጠው ጀርመናዊው መሐንዲስ ቪልሄልም ማይባህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 በወጣው ባለ 35 የፈረስ ጉልበት መርሴዲስ ላይ እንደ ማር እንጀራ የተደረደሩ 8,070 ጥቃቅን ቱቦዎች ያሉት ራዲያተር ገጠመ። ነፋስ በቱቦዎቹ መካከል ሲያልፍ ውሃው ይቀዘቅዛልና ትንሽ ውሃ ለትልቅ ሞተር መብቃት ጀመረ። ዛሬም የምንገዛው ራዲያተር ዘዴው ያው ነው፤ ከላይና ከታች፣ ወይም ከግራና ከቀኝ ታንክ አለው፤ በመሃል ውሃ የሚወርድባቸው ቱቦዎች፣ በቱቦዎቹ መካከል ደግሞ ሙቀቱን ለነፋስ የሚሰጡ ስስ ላሜራዎች አሉ።

ወደ እኛ አካባቢ መኪና የደረሰው ብዙም ሳይቆይ ነው። በ1907 እና በ1908 መካከል እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ ሲድሊ የምትባል መኪና ይዞ ከጅቡቲ ተነስቶ ዓፄ ምኒልክ ዘንድ አዲስ አበባ ገባ። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የደረሰው ደግሞ በ1917 ነው። ስለዚህ ለብዙ ዘመን መኪናም ሆነ የመኪና ዕቃ ወደ ምሥራቅ ኢትዮጵያ የሚገባው በፈረንሳይ ወደብና በፈረንሳይ ሐዲድ በኩል ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ ፔጆው ስንደርስ ያስፈልገናል።

ቃላቱ የሚነግሩን

ጋራዥ ገብታችሁ ጆሯችሁን ብትሰጡ ታሪኩን ከመካኒኩ አፍ ትሰማላችሁ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ጎማ፤ ሁሉም የጣሊያን ቃላት ናቸው። ከ1936 እስከ 1941 በነበረው ወረራ ጣሊያን መንገድ ሲያወጣና የጭነት መኪና ሲያጎርፍ፣ አብሮ ጋራዥና የጋራዥ ቋንቋ ገባ። ጣሊያን ሲወጣ መኪናዎቹም ሙያውም ቀሩ። በቆርቆሮና በእርሳስ የነሐስ ታንክ መበየድ፣ የተደፈነ ቱቦ በዘንግ መጥረግ፣ የሚያፈሰውን ቱቦ ጫፍና ጫፉን ደፍኖ ሌሎቹን ማሠራት፣ እነዚህ ሁሉ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፉ ሙያዎች ናቸው።

ከድንበሩ ወዲህ ያለው ታሪክ ሌላ ነው። ሶማሊላንድ ከ1884 እስከ ሰኔ 1960 በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ነበረች። በነሐሴ 1940 ጣሊያን ወርሮ ያዛት፤ እንግሊዝ ደግሞ በመጋቢት 1941 በርበራ ላይ ከባሕር ወርዶ መልሶ ያዛት። ከዚያ በኋላ የበርበራ፣ የሐርጌሳና የጅጅጋ መንገድ የእንግሊዝ ጦር መንገድ ሆነ። በአንድ መንገድ ሁለት ጫፍ ሁለት ዓይነት መኪና ማለት ነው፤ ወደ አዲስ አበባ በኩል የጣሊያን ፊያት፣ ወደ በርበራ በኩል የእንግሊዝ ሥሪት። አንዱ በሚሊሜትር፣ ሌላው በኢንች የተሠራ ነው። ዛሬም የድሮ ላንድሮቨር ያለው ሰው የቱቦ ማሰሪያና ቡሎን ሲገዛ በኢንች መጠየቅ አለበት።

አንድ ቃል ግን ድንበር አይለየውም። እኛ ነሐስ እንላለን፤ ሶማሊውም «ነሓስ» ይላል። ትርጉሙ በእነሱ ዘንድ ወደ መዳብም ይሰፋል እንጂ ስለ አሮጌ ራዲያተር ስትነጋገሩ ትግባባላችሁ። ስለ ነሐሱ መግባባት ለምን እንደሚጠቅም ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አየር ያላቸውና ውሃ ያላቸው

በሃምሳዎቹና በስድሳዎቹ አዲስ አበባ ላይ የታዩትን ትናንሽ መኪናዎች ብንወስድ ሁለት መንገድ እናያለን። ቮልስዋገን ቢትል፣ የእኛ ቮልስ፣ ጭራሽ ራዲያተር የለውም። ሞተሩ ከኋላ ሆኖ በነፋስ ይቀዘቅዛል። ብዙ ቮልስ እስካሁን የሚሄደው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ የማይኖር ነገር አያፈስም። ታክሲ የነበረው ፊያት 600፣ ሴቼንቶው፣ በ1955 ሲወጣ ሞተሩ እንዲሁ ከኋላ ቢሆንም በውሃ ነበር የሚቀዘቅዘው። ራዲያተሩ ከፊት ሳይሆን ከኋላ ከሞተሩ ጎን ተቀምጧል። ከፊት የሚመጣው ነፋስ አይደርሰውም፤ ሕይወቱ ያለው በቬንትሌተሩና በቺንጋው ላይ ነው። ከደርግ ዘመን ጀምሮ ታክሲ ሆኖ ያየነው ላዳ ደግሞ መሠረቱ ፊያት 124 ነው፤ ሶቪየት ኅብረት ከፊያት ጋር ተዋውላ በ1970 ማምረት ጀመረች። ላዳ ሲመጣ የአዲስ አበባ መካኒክ ግር ያላለው ለዚህ ይመስለኛል። ሰሌዳው የሞስኮ ቢመስልም አጥንቱ የቱሪን ነበር።

የሐረሩ 404

አሁን ወደ ምሥራቅ እንምጣ። ሐረር ሄዶ ሰማያዊና ነጭ የተቀባ ፔጆ 404 ታክሲ ያላየ የለም። 404 በ1960 ፈረንሳይ ውስጥ ወጣ፤ የአካሉን ቅርጽ የሠራው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው። የቤት መኪናው ምርት ፈረንሳይ ላይ በ1975 አቆመ፤ ከዚያም ወዲህ አፍሪካ ውስጥ ኬንያን በመሳሰሉ አገሮች መገጣጠሙ ቀጥሏል። የምሥራቅ አፍሪካን የሳፋሪ ውድድር በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፏል። ጭቃና አቧራ የማይፈራ መኪና ነበር። ከፈረንሳይ ወደብ ጋር በሐዲድ በተያያዘ አገር ላይ ፈረንሳይ ሠራሽ መኪና መልመዱ አይደንቅም።

404 ስለ ራዲያተር የሚያስተምረን ነገር አለ። ቬንትሌተሩ ሁልጊዜ ከሞተሩ ጋር አይዞርም። ሞተሩ ሲሞቅ በኤሌክትሪክ ማግኔት ይያያዛል፤ ሲቀዘቅዝ ይለቃል። በጊዜው ነዳጅና ጉልበት የሚቆጥብ ብልሃት ነበር። ከ50 ዓመት በኋላ ግን ሽቦው ሲበጠስ ወይም ግንኙነቱ ሲያረጅ ቬንትሌተሩ ሳይያያዝ ይቀራል፤ መኪናው ዳገት ላይ ይፈላል፤ ጥፋቱም በራዲያተሩ ላይ ይጫናል። ባለቤቱ አዲስ ራዲያተር ፍለጋ ሐርጌሳ ወዳለ ዘመዱ ይደውላል። የጎደለው ግን አንድ ሽቦ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፤ ራዲያተር ከመግዛታችሁ በፊት ራዲያተሩ መሆኑን አረጋግጡ። ቺንጋው ላላ እንደሆነ፣ የውሃ ፓምፑ ያፈስ እንደሆነ፣ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቶ እንደሆነ፣ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሎ ውሃው ውስጥ አረፋ ይታይ እንደሆነ ይታይ። እነዚህን አስፈትሾ ገዢ ይሆናል እንጂ ገዝቶ ፈታሽ አይሆንም።

ዋሄን የቆመበት መሬት

ዋሄንን ለመረዳት ወደ 1988 መመለስ ያስፈልጋል። በግንቦት መጨረሻ ውጊያው ሐርጌሳ ሲገባ የዚያድ ባሬ መንግሥት ከተማዋን በመድፍና በአውሮፕላን ደበደበ፤ አብዛኛው ቤት ፈረሰ። በመሃል ከተማ የቆመው የሚግ አውሮፕላን ሐውልት ይህንኑ ያስታውሳል። ሕዝቡ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ። በጅጅጋ አካባቢ ሐርቲሼክ ላይ የተመሠረተው ካምፕ በዘመኑ ከዓለም ትልልቅ የስደተኛ ካምፖች አንዱ ነበር፤ የተዘጋው በ2004 ነው። የድሮ ነጋዴዎች ሐርቲሼክን የሚያስታውሱት በካምፕነቱ ብቻ አይደለም፤ የትልቅ ገበያ ስምም ነበር። ልብሱ፣ ኤሌክትሮኒክሱ፣ ሌላውም ሸቀጥ ከበርበራ ተነስቶ በዚያ ያልፍ ነበር።

ሶማሊላንድ በግንቦት 1991 ነጻነቷን ካወጀች በኋላ ሰው ሲመለስ ንግዱም ተመለሰ፤ ዋሄንም የከተማዋ እምብርት ሆነ። ዱባይ ያለ ዘመድ፣ በርበራ ያለ መርከብ፣ ሐርጌሳ ያለ ሱቅ፣ ቶጎ ውጫሌ ያለ ሚዛን፤ ሰንሰለቱ ይህ ነው። በዚህ ሰንሰለት የመጣው መኪና ጃፓን ሠራሽ ነው። በሐርጌሳ መንገድ የምታዩት አብዛኛው ቶዮታ መሪው በቀኝ ነው፤ የሚነዳው ግን በመንገዱ ቀኝ ነው። ከጃፓን ያገለገለ መኪና እንዳለ መጥቶ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ኢትዮጵያ በ1964 ከግራ ወደ ቀኝ ከተሻገረች ወዲህ የለመድነው መሪው በግራ የሆነ ነው። ይህ ልዩነት ራዲያተር ላይም ሊመጣ ይችላል። በስም አንድ የሆኑ ሁለት ቶዮታዎች አንዱ ለጃፓን፣ አንዱ ለባሕረ ሰላጤው አገር ሙቀት ተብሎ የተሠራ ከሆነ የራዲያተሩ ውፍረትና የቱቦው አቅጣጫ ሊለያይ ይችላል። «የላንድክሩዘር ነው» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም። የ40ው ላንድክሩዘር ከ1960 እስከ 1984 ሲመረት ቤንዚንም ናፍጣም፣ ትንሽም ትልቅም ሞተር ተገጥሞለታል። የሞተሩን ቁጥር ይዞ ያልሄደ ሰው ግማሽ ገዢ ነው።

ከዚያ የ2022ቱ ሌሊት መጣ። አርብ ሚያዝያ 1 ቀን፣ ረመዳን ሊገባ ሲል፣ ዋሄን ተቃጠለ። ወደ 2,000 የሚጠጉ ሱቆችና መደቦች ወደሙ፤ ባለሥልጣናት ኪሳራውን ከ1.5 እስከ 2 ቢሊዮን ዶላር ገመቱት። ሰው አለመሞቱ ተመስገን ያሰኛል። ግን ገበያ ሲቃጠል ሸቀጥ ብቻ አይቃጠልም። በወረቀት የተያዘ ዱቤ ከሱቁ ጋር ይሄዳል። የትኛው ዕቃ ለየትኛው መኪና እንደሚሆን በልቡ የያዘ ሰው ሱቁን ካጣ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል። ገበያው እንደገና ሲሠራ መደርደሪያውን መጀመሪያ የሚሞላው ቶሎ የሚሸጠው ነው። ለአሮጌ መኪና የሚሆን ዕቃ ቶሎ አይሸጥም፤ ስለዚህ ከሁሉም በኋላ ይመለሳል፤ ወይም አይመለስም።

መዳቡና አሉሚኒየሙ

እስከ ሰባዎቹ ድረስ የመኪና ራዲያተር ማለት መዳብና ነሐስ ማለት ነበር። ከሰባዎቹ መጨረሻ ወዲህ የአሉሚኒየም ቱቦና የፕላስቲክ ታንክ ቦታውን እየወሰደ መጣ። ምክንያቱ ዋጋና ክብደት ነው። መዳብ ሙቀትን ከአሉሚኒየም የበለጠ ያስተላልፋል፤ ግን ክብደቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። የመዳቡ ቱቦ ጠባብ ሆኖ በእርሳስና ቆርቆሮ ይበየዳል፤ የአሉሚኒየሙ ቱቦ ሰፋ ብሎ ይሠራልና በማቀዝቀዝ በኩል በደንብ የተሠራ አሉሚኒየም ከመዳብ አያንስም። «መዳብ ሁልጊዜ ይበልጣል» የሚለው የሰፈር ወሬ እንጂ ስሌት አይደለም።

ልዩነቱ ያለው ሲበላሽ ነው። የመዳቡን ራዲያተር ጅጅጋም፣ ሐረርም፣ አዋሽም ላይ ያለ በያጅ ይበይደዋል። ታንኩ ተነስቶ መሃሉ ተቀይሮ ሊመለስም ይችላል፤ የድሮው ታንክ፣ የድሮው እግር፣ የድሮው አፍ እንዳለ ሆኖ አዲስ ልብ ይገባለታል። የፕላስቲክ ታንኩ ግን በጥርስ ታጥፎ የተያዘ ስለሆነ ሲሰነጠቅ መበየጃ የለውም፤ ማጣበቂያውም ለጥቂት ቀን ነው። ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ። ለዕለት ተዕለት ቪትዝ የፕላስቲክ ታንክ ምንም አይደለም፤ ነገም ሌላ ይገኛል። ለ404 ወይም ለድሮ ላንድሮቨር ግን ነገ ሌላ አይገኝም።

እዚህ ላይ ነው የነሐሱ ነገር የሚመጣው። የሚያፈስ አሮጌ ራዲያተር በኪሎ የሚገዛ ቁራሌው ሁልጊዜ አለ፤ መዳብና ነሐስ ገንዘብ ነውና። አዲሱ መኪናው ላይ ታስሮ፣ ዳገት ወጥቶ፣ ሳምንት ሳይሞላው አሮጌውን በኪሎ መሸጥ ትልቁ ኪሳራ ነው። የአሮጌው ታንክ ሻጋታ ነው፤ አንዴ ከቀለጠ ልኩን የሚነግራችሁ የለም። ንግድ ስንማር የግዢ ዋጋና ጠቅላላ ወጪ አንድ እንዳልሆኑ ነው መጀመሪያ የተነገረን። የራዲያተር ጠቅላላ ወጪ ማለት ዋጋው፣ ማጓጓዣው፣ የጉምሩኩ ቀረጥ፣ መካኒኩ፣ ከዚያም ታክሲው ቆሞ የዋለበት ቀን ነው። እነዚህን ደምራችሁ ከመሃሉ ማስቀየሪያ ጋር አወዳድሩ። ለአሮጌ መኪና ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው ማስቀየሩ ሆኖ ይገኛል።

ሱቅ ስትገቡ

አዲስ መግዛት ግድ ከሆነ እንዲህ አድርጉ። አሮጌውን ራዲያተር ይዛችሁ ሂዱ። ካልተቻለ ከፊትና ከጎን ፎቶ አንሱና ሜትር አስቀምጡበት። የሚለካው የብረቱ ክፈፍ ሳይሆን የመሃሉ ቁመት፣ ስፋትና ውፍረት ነው። የላይኛውና የታችኛው አፍ በየትኛው ጎን እንዳለ፣ የአፉን ስፋት፣ የእግሩን ቀዳዳ ርቀት ጻፉ። ከጎን ሆናችሁ የቱቦውን ረድፍ ቁጠሩ፤ ሁለት ረድፍ የነበረውን በሦስት መተካት ይቻላል፤ ግን ቬንትሌተሩ እንዳይነካው ቦታውን አስቀድማችሁ ለኩ። ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነ ታችኛው ታንክ ውስጥ የዘይት ማቀዝቀዣ መኖር አለበት። የአውቶማቲኩ ለማንዋል አፉ ተደፍኖ ይሆናል፤ የማንዋሉ ለአውቶማቲክ አይሆንም። «የ504 ራዲያተር ለ404 ይገባል» የሚል ሻጭ ቢገጥማችሁ አትጣሉት፤ ሜትሩን አውጡና ለኩ።

ክዳኑን አትርሱ። ውሃ በባሕር ጠረፍ በርበራ ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ሐርጌሳ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች በ95 አካባቢ፣ ሐረር ላይ በ94 አካባቢ፣ አዲስ አበባ ላይ በ92 አካባቢ ይፈላል። ጫና የሚይዝ ክዳን ይህን ከፍ ያደርገዋል፤ ወደ 0.9 ባር የሚይዝ ክዳን የመፍያውን ነጥብ በ20 ዲግሪ ያህል ይገፋል። ስለዚህ በርበራ ላይ ደህና የነበረ መኪና ያረጀ ክዳን ይዞ ከፍታ ላይ ሊፈላ ይችላል። ነገር ግን ለድሮ ራዲያተር ከተጻፈለት ጫና በላይ የሚይዝ ክዳን አትግጠሙ፤ ብየዳውን ይከፍተዋል።

ከመክፈላችሁ በፊት አፎቹ ተደፍነው በአየር ተሞልቶ በውሃ ገንዳ ውስጥ እንዲፈተሽ ጠይቁ፤ አረፋ ከወጣ ተውት። ላሜራው የተጣመመ፣ ወይም ነጭ ዝገት የያዘ አሉሚኒየም አትውሰዱ። አሉሚኒየም ካሰራችሁ ዝገት የሚከላከል የራዲያተር ፈሳሽ የግድ ነው፤ ጨውና ኖራ ያለበት የጉድጓድ ውሃ ይበላዋል፣ ይደፍነዋልም። ሙቀት በበዛበት አገር ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል የተለመደ ነው፤ መፍትሔ ግን አይደለም። ሞተሩ ትክክለኛ ሙቀቱን እንዳይዝ ያደርገዋል፤ ዋናውን ጉድለትም ይሸፍነዋል።

ለምን አሁን

ይህ ሁሉ የድሮ መኪና ወዳጆች ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ኢትዮጵያ በ2020 በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ አሮጌ መኪናዎችን እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለችባቸው። በጃንዋሪ 2024 ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። አዲስ የሚገባው በኤሌክትሪክ የሚሄደው ነው። የሕጉን ጥሩነትና መጥፎነት ለሌላ ቀን እንተወው። ለእኛ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ አሁን አገር ውስጥ ያለው የቤንዚንና የናፍጣ መኪና ምትክ ስለሌለው ከታሰበለት በላይ ይቆያል። ያ ማለት ዛሬ ተራ የሚመስለው ኮሮላ ነገ እንደ 404 ይሆናል። ራዲያተሩን ዛሬ በኪሎ የሸጠ፣ ነገ በፍለጋ ይገዛዋል።

ለነጋዴም ዕድል አለበት። ዋሄን ላይ በብዛት የሚገባው ፈጣን ዕቃ ብዙ ሻጭ አለው፤ ትርፉም ቀጭን ነው። የአሮጌ ሞዴል የመዳብ መሃል በልክ አሠርቶ የሚያስመጣ፣ ከሐረርና ከድሬዳዋ በያጆች ጋር የሚሠራ፣ የእያንዳንዱን ሞዴል ልክ በደብተርም በስልክም መዝግቦ የሚይዝ ሰው ግን ጥቂት ነው። በሁለት ቦታ ይመዝግብ፤ 2022 ያስተማረን አንዱ ነገር ይህ ነው። ቀረጡን ከፍሎ፣ ደረሰኝ ይዞ ያሻግር። ትንሽ ዕቃ ነው ብሎ በጎን የተሻገረ ራዲያተር ኬላ ላይ ሲያዝ፣ ከዕቃው ይልቅ የሚጎዳው ሐረር ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ታክሲና በእሱ የሚተዳደረው ቤተሰብ ነው።

ገዢም ሆናችሁ ሻጭ፣ ራዲያተር የሚፈተነው ሱቅ በር ላይ አይደለም። ከጅጅጋ ወደ ሐረር ሲወጣ ካራማራ አለ፤ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ሲወጣ ደንገጎ አለ፤ ከ1,200 ሜትር ተነስቶ ወደ 2,000 ሜትር ይወስዳል። ጭነት ይዞ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ደንገጎን ሳይፈላ የወጣ መኪና ራዲያተሩ ልኩ ነው። ከዚያ በኋላ አሮጌውን ለመሸጥ ከፈለጋችሁ ሽጡት። እኔን ብትጠይቁኝ ግን ታንኩን አስቀሩት።